ቢጫ ክንፍ ላይ ኮከብ መለጠፍ

የሞዴል አውሮፕላኔን ፕላስቲክ ቆርጬ፣ አጣብቄና ቀብቼ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዲካሉ ብቻውን ሁለት ወር በላ። ዲካል ማለት ወረቀት ላይ የታተመ፣ ከወተት ስልባቦት የማይወፍር ምስል ነው። ውሃ ሲነካው ሥሩ ያለው ሙጫ ይለቅና ከወረቀቱ ተንሸራቶ ሞዴሉ ላይ ይቀመጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ሞዴሏ ቦይንግ ፒ-26 ናት፣ በ1/48 ልኬት። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ዋናዋ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1932 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለአሜሪካ ጦር በብዛት ከተሠሩት ተዋጊዎች መላ አካሏ ብረት የሆነ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ ጎማዋ የማይታጠፍ፣ አብራሪዋም ፊቱን ለንፋስ ሰጥቶ የሚቀመጥባት የመጨረሻዋም እሷው ናት። ቅጽል ስሟ «ፒሹተር» ነው፣ ልጆች አተር ከተው በአፋቸው እፍ የሚሉበት ቱቦ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሻንቲሊ ያለው የስሚዝሶንያን የአውሮፕላን ሙዚየም፣ ኡድቫር-ሄዚ ማእከል፣ ሩቅ ስላልሆነ አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። እሷ የጠፈር መንኮራኩሩን ልታይ፣ እኔ ፒ-26ን። እዚያ ያለችው እስከ 1957 ድረስ ጓቲማላ ውስጥ ያገለገለች ናት። አሁን የ34ኛው ስኳድሮንን (የአውሮፕላን ጓድ) ምልክት ለብሳለች፤ ስኳድሮኑ ካሊፎርኒያ፣ ማርች ፊልድ የነበረው የ17ኛው ቡድን ክፍል ነው። ክንፏ ቢጫ፣ ጭራዋ እንደ ባንዲራ ባለ መስመር፣ ጎኗ ላይ «ነጎድጓድ ወፍ»። ጦርነቱ ሲመጣ ይህ ሁሉ ጌጥ አረንጓዴ ቀለም ተቀባበት። በሰላሙ ዘመን ግን አውሮፕላን የሚቀባው ከሩቅ እንዲታይ ነበር። ሞዴል ለሚሠራ ሰው ደስታውም መከራውም እዚሁ ላይ ነው፤ የሚለጠፈው ነገር ብዙ ነውና።

ሳጥኑን የገዛሁት ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ነው። ስከፍተው የዲካሉ ወረቀት እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ ሆኗል። የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን መለያ የሆነው፣ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ነጭ ኮከብ የሻይ ቀለም ይዟል። ፀሐይ ያነጣዋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር በላስቲክ ከረጢት አሽጌ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ መጋረጃው ለምን እንደማይዘጋ በጠየቀችኝ ቁጥር «ኮከብ እያሰጣሁ ነው» እላት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ነጩ ነጭ መሰለ።

እንደነጣ ያዝኩና የማልፈልጋትን አንዲት ቁጥር ለሙከራ ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርስርስ አለች። ያን ጊዜ ኮከብ ጨምሬ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አሮጌ ዲካል ላይ መጀመሪያ ፈሳሽ የዲካል ፊልም በብሩሽ ቀብቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ በሙሉ አንድ ወጥ ፊልም ስለሚሆን እያንዳንዱን ምልክት ጠርዙን ተጠግቶ በምላጭ መቁረጥ የግድ ነው። እኔ ሁለት ቁጥሮችን በአንድ ላይ አንስቼ አረፍኩት።

ሁለተኛው ጣጣ ቢጫው ነው። የኮከቡ ነጭ ቀለም ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ቢጫ ያስተላልፋል፣ ኮከቡም የቅቤ መልክ ይይዛል። ያገኘሁት መላ፣ ከሰማያዊው ክብ ትንሽ ያነሰች ነጭ ክብ ክንፉ ላይ ቀብቶ ዲካሉን በላይዋ ማስቀመጥ ነው። የጭራውንም መሪ ሙሉ በሙሉ ነጭ ቀባሁት።

ኮከቡን ሳስቀምጥ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው፣ አንዱ ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫዋ መጠቆም አለበት። ክብ ነገር እርጥብ ሆኖ ሲንሸራተት ሳይታወቅ ይዞራል። ሁለተኛው፣ መሀሉ ላይ ያለችው ቀይ ክብ ቦታዋን መያዟ ነው። አንዳንድ ወረቀት ላይ ቀዩ ለብቻው ስለሚመጣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳተ ኮከቡ ዐይነ ሸውራራ ይሆናል። ያቺ ቀይ ከ1919 ጀምሮ ነበረች። በግንቦት 1942 ከጃፓን ቀይ ፀሐይ ጋር እንዳትምታታ ተብላ ወጣች። የጎን ኮከብ ደግሞ በዚያ ዘመን የለም። ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ኮከብ ስላለ ብቻ ጎኗ ላይ መለጠፍ ያምራል እንጂ ስህተት ነው።

የግራው ክንፍ ላይ ቸኮልኩ። ዲካል ከመለጠፉ በፊት ቀለሙ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተሸፍኖ አንድ ቀን መድረቅ አለበት። ያልተሸፈነ ቀለም ሸካራ ስለሆነ ከፊልሙ ሥር አየር ይቀራል። እኔ የቀኙን ብቻ ቫርኒሽ ቀብቼ የግራውን «ይህስ ለስላሳ ነው» ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ በመብራት ሳየው የኮከቡ ዙሪያ ብር ብር ይላል፣ ጠጋ ብዬ ሳየው እንደ እንጀራ ዐይን ያለ ቀዳዳ ነው። በመርፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጌ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ አስገባሁበት። በሦስት ዙር አብዛኛው ጠፋ።

ማለስለሻው ራሱ የትዕግሥት ፈተና ነው። እኔ የምጠቀመው ማይክሮ ሴትና ማይክሮ ሶልን ነው። የመጀመሪያው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ዲካሉ ከመቀመጡ በፊት ይቀባል። ሁለተኛው ከላይ ይቀባና ፊልሙን ሊያቀልጠው ትንሽ እስኪቀረው ያለሰልሰዋል። ያን ጊዜ ዲካሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሸበሸባል፤ የሰው ጣት ደግሞ የተሸበሸበ ነገር ማቅናት ይወዳል። አንዱን ወፍ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ «ላስተካክል» ብዬ ክንፉ ጥጡ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማይክሮ ሶል ቀብቼ ከክፍሉ እወጣለሁ። ቡና አፍልቼ ስመለስ ራሱ ተዘርግቶ አገኘዋለሁ።

የጭራው መስመር ሰባት ቀይና ስድስት ነጭ ነው፣ አንድ የቆመ ሰማያዊም አለው። የግራና የቀኙ መስመር ከኋላ ጠርዝ ላይ መግጠም አለበት። የኔው አልገጠመም። ጠርዙን በቀጭን ብሩሽ ቀይና ነጭ እየነካሁ አስታረቅኋቸው።

ከሥር፣ ከክንፎቹ በታች፣ በትልልቅ ጥቁር ፊደል «ዩ.ኤስ.» እና «አርሚ» ይጻፋል። መመሪያው «ዩ.ኤስ.» ቀኝ ክንፍ ላይ ይላል። ሞዴሏን በጀርባዋ አስተኝቼ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ፣ በኔ ቀኝ ለጠፍኩት። ተኝታለችና በኔ ቀኝ ያለው የሷ ግራ ነው። ማለስለሻ ቀባሁ፣ ደረቀ፣ ተደሰትኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አነሳቻትና አነበበች፦ «አባ፣ ‹አርሚ ዩ.ኤስ.› ምንድን ነው?»

ማለስለሻ የጠጣ ዲካል ሙሉውን አይነሳም። በእርጥብ ፎጣ ወረቀት ሸፍኜ ካቆየሁት በኋላ ቁርጥራጩን በወረንጦ ለቀምኩ። ትርፍ ፊደል አልነበረኝም፣ ስለዚህ ባዶ የዲካል ወረቀት ገዝቼ ቤት ባለው ፕሪንተር አተምኩ። የመጀመሪያው ውሃ ሲነካው ቀለሙ ሟሟና ሐምራዊ ኩሬ ሆነ፤ የቀለም ፕሪንተር ኅትመት ውሃ ከመንካቱ በፊት በቫርኒሽ መታሸግ ነበረበት። ሁለተኛው ያዘ። ክንፉን ወጥረው የሚይዙትን ሽቦዎች ከዲካሉ በፊት አለመዘርጋቴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፣ አለዚያ እጄ አይገባም ነበር።

ቤት ያለ ፕሪንተር ጥቁር ያትማል እንጂ ነጭ አያትምም። ቀጣዩን ሥራ ያቀድኩት በዚሁ ልክ ነው፦ የባሕር ኃይሉ ግሩማን ኤፍ3ኤፍ፣ «ኤንተርፕራይዝ» መርከብ ላይ የነበረችው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የራሱ የጭራ ቀለም ነበረው፤ «ሌክሲንግተን» ቢጫ፣ «ሳራቶጋ» ነጭ፣ «ሬንጀር» አረንጓዴ፣ «ዮርክታውን» ቀይ፣ «ኤንተርፕራይዝ» ሰማያዊ፣ «ዋስፕ» ጥቁር። የአንድ ስኳድሮን 18 አውሮፕላን በስድስት ምድብ ይከፈል ነበር፣ እያንዳንዱ ምድብም የራሱ ቀለም ነበረው። መሪው የሞተር ሽፋኑን በሙሉ ይቀባል፣ ሁለተኛው የላይኛውን ግማሽ፣ ሦስተኛው የታችኛውን። «6-ኤፍ-1» ማለት የስድስተኛው ተዋጊ ስኳድሮን አንደኛ አውሮፕላን ነው፤ የአንደኛ ምድብ መሪ ስለሆነች ሽፋኗ ሙሉ ቀይ ነው። ጭራውን፣ ሽፋኑንና ክንፉን በማስኪንግ ቴፕ ከልዬ እቀባለሁ። ጥቁሩን «6-ኤፍ-1» ብቻ አትማለሁ።

ክንፏን ገና ከፕላስቲክ ማቀፊያው ሳልቆርጥ ከሥሩ በእርሳስ «ቀኝ» ብዬ ጽፌበታለሁ።