ቦስተን ላይ የገጠመኝ ፍሪሜሶን

ቦስተንና ካምብሪጅ የምንኖር ሐበሾች አብዛኞቻችን ፓርኪንግ ሠርተናል። ያልሠራ ካለ ታክሲ ነድቷል። እኔ ሃርቫርድ አጠገብ ባለ ጋራዥ ማታ ማታ ስሠራ አብሮኝ የሚያመሽ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር። ጣቱ ላይ ወፍራም ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ኮምፓስና ስኳድራ፤ የፍሪሜሶን (ባጭሩ ሜሶን) ምልክት መሆኑ ነው፤ ሎጅ በሚባል ቡድን ቡድን ሆነው የሚሰበሰቡ፣ ምስጢር ያለው የወንድማማች ማኅበር ነው። አንድ ያገሬ ልጅ አየውና "ይሄ ሰውዬ ኢሉሚናቲ ነው፣ የሰጠህን ቡና እንዳትጠጣ" አለኝ። የምሩን ነው። ያልገባንን ነገር ለሰይጣን ለማስረከብ መቼም አንሰንፍም፤ የመጀመሪያውን ሲኒማ "ሰይጣን ቤት" ያለች ከተማ ልጆች አይደለን?

ቡናውን ጠጣሁና ጠየቅኩት። "እኛ የፕሪንስ ሆል ነን" አለኝ። "ካምብሪጅ ኮመን ሂድና ድንጋዩን አንብብ።"

ኮመን ከሃርቫርድ ግቢ መንገድ ተሻግሮ ያለው ሜዳ ነው። ድንጋዮቹ በ2010 (እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ) የተመረቁ፣ ክብ ሠርተው የቆሙ ጥቁር ግራናይቶች ናቸው። ስንቴ በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ቆሞ የሚያነብ ማን አለ፤ ሰው ሁሉ ወይ ወደ ክፍል ወይ ወደ ሥራ ይሮጣል።

ፕሪንስ ሆል ልዑል አይደለም፣ ስሙ ነው። ቦስተን ውስጥ ባሪያ ነበር፣ በ1770 ነፃ ወጣ፣ ቆዳ ፋቂ ሆነ። በአሜሪካ አብዮት ጦርነት ጊዜ ለቦስተን መድፈኞች የከበሮ ቆዳ ሸጧል። የከተማው ነጭ ሜሶኖች እሱንና ጓደኞቹን አንቀበልም አሉ። የተቀበላቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያለ የአየርላንዶች ሎጅ! በተለምዶ የሚነገረው ቀን ማርች 6፣ 1775 ነው፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፤ አሥራ አምስት ጥቁሮች ገቡ።

ወታደሮቹ ከቦስተን ሲወጡ ለጥቁሮቹ የተውላቸው ፈቃድ ግማሽ ፈቃድ ነበር። መሰብሰብ ትችላላችሁ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ሰልፍ መውጣት ትችላላችሁ፣ የሞተባችሁን መቅበር ትችላላችሁ፤ አዲስ አባል ማስገባት ግን አትችሉም። እንግዲህ ይሄ እድር አይደለም ትላላችሁ? በ1864 ደግሞ ተተኪዎቻቸው አሁን አርሊንግተን በሚባለው ከተማ የራሳቸውን መቃብር ቦታ አቋቋሙ። በሰው አገር የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እኛም እዚህ መጥተን መጀመሪያ ካቋቋምናቸው ነገሮች አንዱ የሬሳ መላኪያ መዋጮ ነው።

ሙሉ ፈቃዱን ለንደን ካለው ታላቅ ሎጅ፣ ማለት ከሎጆች የበላይ አካል፣ ጠየቁ። በ1784 ተጻፈ፣ እጃቸው የገባው በ1787 ነው፤ አፍሪካን ሎጅ ቁጥር 459 ተባሉ። ለንደን በ1813 ከመዝገብ ሰረዘቻቸው፤ እነሱ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። የእንግሊዙ ታላቅ ሎጅ ለማሳቹሴትሱ የፕሪንስ ሆል ታላቅ ሎጅ እውቅና የሰጠው በ1994 ነው። ወረቀት ጥበቃ አሰለቸኝ የምንል ሁላችን ይህችን እንያዛት።

ከሁሉም ያስገረመኝ የ1788ቱ ታሪክ ነው። ሦስት ነፃ ጥቁሮች ቦስተን ላይ በሥራ ሰበብ መርከብ ላይ እንዲወጡ ተደርገው ተወሰዱ፣ ካሪቢያን ውስጥ ባለች ደሴት ለሽያጭ ቀረቡ። አንዱ ሜሶን ነበር። ሊገዛቸው የመጣው ነጋዴም ሜሶን ሆኖ ተገኘ። ተዋወቁ፣ ሰውየው የደረሰበትን ነገረው፣ ጉዳዩ የደሴቲቱ አስተዳዳሪ ፊት ቀረበ። እዚህ ደግሞ ፕሪንስ ሆልና ጓደኞቹ፣ የከተማው ቄሶችም ጭምር፣ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤት ብለው የባሪያ ንግድ የሚከለክል ሕግ በዚያው ዓመት በማርች ወጣ። በጁላይ ሦስቱም ወደ ቦስተን ተመለሱ።

በጁን 24፣ 1797 ፕሪንስ ሆል ለወንድሞቹ ንግግር አደረገ፤ ቦታው ያኔ የካምብሪጅ አካል የነበረው ሜኖቶሚ፣ የዛሬው አርሊንግተን ነው። በየቀኑ ቦስተን ጎዳና ላይ ስለሚወርድባቸው ስድብና ዱላ ተናገረ። ከዚያ ንግሥተ ሳባን አነሣ፣ ፊልጶስ ያገኘውን ጃንደረባ አነሣ፣ የሙሴን አማት ዮቶርን ኢትዮጵያዊ ነው አለ። ሐይቲ ላይ ባሮች መነሣታቸውን ሲያወሳ ደግሞ ኢትዮጵያ ከባርነት ወደ ነፃነት እጇን መዘርጋት ጀመረች አለ። እኛ በዳዊት ያደግንባትን ጥቅስ! ያኔ እኮ ጎንደር ላይ ዘመነ መሳፍንት ነው፣ መሳፍንቱ ንጉሥ ይሾማሉ ይሽራሉ፤ ባሕር ማዶ አንድ ቆዳ ፋቂ ስማችንን ለተስፋ ይጠራዋል። እኔ ይሄንን ያወቅኩት ጋራዥ ውስጥ መሆኑ ትንሽ ያናድደኛል፤ ስለ ዓድዋና ስለ ጥቁር ሕዝብ ስናወራ ከዓድዋ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ይሄ ሰው ትዝ አይለንም።

ሁሉም ነገራቸው ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ሎጁ የወንዶች ብቻ ነው፣ ምስጢሩም ለእኔ አይመቸኝም። ሽማግሌውን ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ስጠይቀው "ቃለ ጉባኤ እናነባለን፣ በመዋጮ እንጣላለን፣ እንበላለን" አለኝ።

ግባ ብሎኝ ግን አያውቅም። ሕጋቸው ነው፣ ፈላጊው ራሱ መጠየቅ አለበት። አልጠየቅኩም፤ ያለብኝ የእድርና የእቁብ ክፍያ ይበቃኛል።