ፓርኪንጉን የያዝነው እኛው ነን

የታክስ ቢሮዬ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ ባለች የሜሪላንድ ከተማ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ። ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ለከተማዋ ተቆርቁሬ አይደለም። ደንበኞቼ «መኪና ማቆሚያ አጣን» እያሉ ነዘነዙኝ። የዳውንታውኑን ንግድ ለማነቃቃት የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ስብሰባ አላቸው ሲባል፣ አቤቱታዬን አሰምቼ ልመለስ ብዬ ሄድኩ። ስወጣ አባል ሆኜ ነበር። «በወር ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» ብለው ነው የያዙኝ። እድር ላይ ጸሐፊ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ይህችን «ብቻ» የምትባል ቃል ያውቃታል። እኔም አውቃት ነበር፤ ግን ገባሁ።

አሠራሩ «ሜይን ስትሪት» (ዋና መንገድ) ከሚባለው የመሃል ከተማ ማነቃቂያ ፕሮግራም የተቀዳ ነው። በፈረንጆቹ 1956 አሜሪካ የሃይዌይ ሕጓን አወጣች። በዚያው ዓመት ሚኒሶታ ውስጥ ሳውዝዴል ተከፈተ፤ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ለብሶ የተሠራ የመጀመሪያው ሞል ነው። ሰዉ መኪናውን አስነስቶ ወደ ዳር ሄደ፣ የመሃል ከተማ ሱቆች ዝንብ እሽ ሲሉ መዋል ጀመሩ። ናሽናል ትረስት የሚባለው የታሪካዊ ሕንፃዎች ተቆርቋሪ ድርጅት በ1977 ሦስት ከተሞች ላይ ሙከራ ጀመረ፤ ጌልስበርግ ኢሊኖይ፣ ማዲሰን ኢንዲያና እና ሆት ስፕሪንግስ ሳውዝ ዳኮታ። በ1980 ነገሩን አገር አቀፍ አደረገው። ሥራው አራት ቦታ ይከፈላል፤ አደረጃጀት፣ ማስተዋወቅ፣ የመንገዱና የሕንፃው ገጽታ፣ የንግዱ ጤንነት። ለእያንዳንዱ አንድ ኮሚቴ። እኔ ገጽታ ውስጥ ገባሁ፣ ፓርኪንግ እዚያ ነው ስለተባልኩ።

ገንዘብ የለም። «ቢድ» የሚባለው የንግድ ማሻሻያ ቀጠና ቢሆን ከሕንፃ ባለቤቶች በሕግ ይሰበሰባል። የኛ ግን መዋጮ፣ ትንሽ ግራንትና ጉልበት ነው። እድር ላይ የቀረ ይቀጣል። እዚህ ለቀረ ሰው «ናፍቀኸናል» የሚል ኢሜይል ይላክለታል።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አገር ቤት ቢሆኑ «እትዬ» የምላቸው ሴት። ፓርኪንግ የለም ብዬ ስጮህ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። «ቅዳሜ በየሰዓቱ ዙርና የቆሙትን መኪኖች የታርጋ መጨረሻ ሦስት ቁጥር ጻፍ» አሉኝ። ያ ቅዳሜ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አራተኛው ዙር ላይ ቁጥሮቹ እየተደጋገሙብኝ መሆኑን አየሁ። ነጯ ቶዮታ የፀጉር ቤቷ ባለቤት ናት። ጥቁሯ የፒዛ ቤቱ ልጅ። ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ ካላሉት መሃል አንዷ ደግሞ ከቢሮዬ በር ፊት ለፊት፣ ምርጧ ቦታ ላይ ቆማለች። የኔ መኪና ናት። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው የከተማው መኪና ማቆሚያ በዚያው ሰዓት ግማሹ ባዶ ነበር። በእግር አራት ደቂቃ።

ሪፖርቱን ሳቀርብ የራሴን ታርጋ መጀመሪያ አነበብኩ። ብልጠት አልነበረም፣ አፍሬ ነው። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ አንዱ «የኔም አለችበት» አለ፣ ሌላዋም ቀጠለች። የፒዛ ቤቱን ልጅ ታርጋ ብዬ ብጀምር ኖሮ እስካሁን ስንነታረክ ነበር። ዛሬ አብዛኞቻችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው የምናቆመው። በጥር ወር ግን እንደማማርር አልደብቅም።

ይበልጥ የከበደኝ የራሳችን ሰዎች ነገር ነው። መንገዱ ላይ የሐበሻ ሬስቶራንት፣ ካፌ፣ ግሮሰሪና ባልትና አለ። አንዳቸውም ስብሰባ መጥተው አያውቁም። ኮሚቴው «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ደምድሟል፤ እኔም ትንሽ ማመን ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ሬስቶራንት ያላትን እህታችንን ጠየቅኳት።

«ወንድሜ ሙት፣ ያ ኢሜይል የናንተ ነው እንዴ? የሆነ ነገር ሊሸጡልኝ መስሎኝ ሳጠፋው ነው የከረምኩት» አለችኝ።

ስብሰባው ደግሞ ማክሰኞ በማለዳ ነው። እሷ ቤቷን ዘግታ የምትተኛው ሊነጋጋ ሲል ነው። ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት አደረግነው፣ እሷው ቤት፣ ቡና እየተፈላ። ሰኞ ገበያ ቀዝቃዛ ነው። ኢሜይሉን ትቼ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ሰኞ በሦስት ሰዓት» ብዬ ለሁሉም ነገርኩ። ባልትና ያላቸው አባት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከተፍ አሉ። በፈረንጅ ዘጠኝ መሆኑ ነው። በሩ ዝግ።

«ልጄ፣ ሰው ጠርቶ መጥፋት ምን ይሉታል?» ብለው ደወሉልኝ።

አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖረዋል። ግን በአማርኛ ስለነገርኳቸው በአማርኛ ሰዓት ነው የሰሙኝ። ምን ያጠፉት ነገር አለ? ከሰዓት ተመልሰው መጡ፣ ዛሬ ከሁሉም ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ፌስቲቫል አዘጋጀን። መንገዱ ለመኪና ተዘጋ፣ ሙዚቃ መጣ፣ ከሌላ ሰፈር የምግብ መኪኖች መጡ፣ ሕዝቡ ጎረፈ። እርስ በርስ ተቃቀፍን። ሰኞ ቡናው ላይ ያቺው እህታችን «ቅዳሜዬን በላችሁብኝ» አለች። ሰዉ ውጭ በልቶ እሷ ጋ የገባው ሽንት ቤት ፍለጋ ነው። ግሮሰሪው ደግሞ ቅዳሜ ዋናው የጤፍ ቀኑ ነው። 25 ፓውንድ ጤፍ ተሸክሞ አራት ብሎክ የሚሄድ ማን አለ? እንዲያም ሆኖ አንድ አባላችን በሕዝቡ ብዛት ተማርኮ መንገዱ ለዘለቄታው ይዘጋ አለ። እትዬ ሰብሳቢ በረጋ ድምፅ ካላማዙን አስታወሱት። ሚሺጋን ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ በ1959 ዋና መንገዷን ለእግረኛ ብቻ አድርጋ በአሜሪካ ቀዳሚ ሆነች፣ በ1998 መኪና መልሳ አስገባች። በቀጣዩ ዓመት የምግብ መኪና ቀረ፣ መንገዱም አልተዘጋም። ሰዉ ካርድ ይዞ በየሱቁ እየገባ ማኅተም ያስመታ ነበር። የመጣው ሰው ያንሳል፣ የገዛው ግን ይበልጣል። ፎቶው አያምርም።

ሰው ያጣነውም በስብሰባ ብዛት ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ሰዓት ቀለም ቀባ ብትለው በደስታ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለህ ስማ ብትለው ግን ሁለተኛ አታየውም፤ አላየነውምም። ከዚያ ወዲህ ቃለ ጉባኤያችን ላይ «እንነጋገርበታለን» የሚል የለም። እያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ሰውና አንድ ቀን ይጻፍለታል። «ሁላችንም» ተብሎ የተጻፈ ሥራ ማንም አይሠራውም።

በጣም የምኮራበት ሥራ የግሮሰሪው መስታወት ነው። በፖስተር ተሸፍኖ ውስጡ አይታይም ነበር፣ ማታ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ። የገጽታ ኮሚቴ የሚሟገትለት ነገር ይህ ነው፤ የሚያልፍ ሰው ውስጡን ይይ። ባለቤቱ አንገራገረ። «የሚለጥፉት ደንበኞቼ ናቸው፣ ምን ብዬ እምቢ ልበል?» እውነቱን ነው። ከበሩ ገባ ብሎ ያለውን ግድግዳ የማስታወቂያ ሰሌዳ አደረግንለት። ከዚያ እሁድ ማታ በምላጭና በሳሙና ውሃ መፋቅ ጀመርን። ንብርብር ነው፣ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከላይ ያለፈው እንቁጣጣሽ ኮንሰርት፣ ከሥሩ የሚከራይ ቤዝመንት፣ ከሥሩ የስልክ ካርድ። መጨረሻ ላይ ፀሐይ የበላው ቢጫ ወረቀት ብቅ አለ። «ታክስ በአማርኛ እንሠራለን»፣ ከድሮ ስልክ ቁጥሬ ጋር። የሚያግዘኝ ወጣት አነበበው፣ አየኝ፣ ምንም አላለም። ቴፑ አልለቅ ብሎ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ።

በነጋታው አንዲት አሜሪካዊት ገብታ «መቼ ነው የከፈታችሁት?» አለችው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ያቃተን ነገርም አለ። ጥግ ላይ ያለው የድሮ ጫማ ቤት ባዶውን ከቆመ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለቤቱ ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው፣ ኪራዩን አይቀንስም፣ ደብዳቤም አይመልስም። መስታወቱ ላይ የተማሪዎች ሥዕል እንስቀል ብለን ጠየቅን፤ ዝም። ዲሲ ባዶ በተተወ ሕንፃ ላይ ከፍ ያለ ታክስ ትጥላለች፣ የኛም ከተማ ብትጥል የሚል ሐሳብ ቡናው ላይ ተነሳ። ታክስ ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። ከተማውን ከመጠየቃችን በፊት ለሰውየው አንድ የመጨረሻ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ፣ ስሜም ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ሰኞ በሦስት ሰዓት ማቅረብ አለብኝ። በፈረንጁ።