ትልቁ የካምፕ ቢላዋ ገጀራ አይደለም

ከዲሲ ወደ ሸናንዶዋ፣ ከኮሎራዶዋ አውሮራ ወደ ሮኪ ተራሮች ድንኳን ጭኖ ለሚወጣ ሐበሻ ትልቅ የካምፕ ቢላዋ ዓይን የሚገባ ዕቃ ነው። ፎቶው ላይ ገጀራ ይመስላል፤ ገጀራ ደግሞ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከሳጥኑ አውጥታችሁ ስትጨብጡት ግን ነገሩ ሌላ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ አጭርና ወፍራም ነው፣ ክብደቱም ወደ ፊት ያጋድላል። ብዙ አዲስ ቢላዋ የሚበላሸው፣ ብዙ እጅም የሚቆረጠው፣ በገጀራ ልማድ ስለሚያዝ ነው።

በቁጥር እንየው። ኬ-ባር የተባለው የአሜሪካ ቢላዋ ሠሪ የሚያወጣው ቤከር ቢኬ9 ስለቱ 9 ኢንች ወይም 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባው 4.8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። ተራ ገጀራ ርዝመቱ የዚህን እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ውፍረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ገጀራ የሚቆርጠው በፍጥነቱ ነው፤ የካምፕ ቢላዋ ደግሞ በክብደቱ ገብቶ እንደ ሽብልቅ እየከፈተ ነው። ለምለም ቁጥቋጦ ለመመንጠር ከሆነ ገጀራው ይሻላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ደረቅ ጉማጅ ፈልጦ ማገዶ ማድረግ ሲመጣ ግን ወፍራሙ ቢላዋ ቦታውን ያገኛል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ መልሰው የሚቀበሉት ያልተነካ ዕቃ ስለሆነ፣ ፍተሻው እንጨት ከመንካታችሁ በፊት ይለቅ። መጀመሪያ የፋብሪካውን ዘይት በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ዘይቱ ለዝገት እንጂ ለምግብ የተባለ አይደለም። ከዚያ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከእጀታው በኩል ስለቱን ተከትላችሁ እስከ ጫፉ ተመልከቱ። መስመሩ ወደ አንድ ወገን ከተንሻፈፈ ብረቱ በሙቀት ሲጠነክር ጠሟል ማለት ነው፤ በመሳል የሚቃና አይደለምና መልሱት። ቀጥሎ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር ያዙት። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ ብልጭ የሚል ነጥብ ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ደንዟል ወይም ታጥፏል። የአንዱ ጎን ተዳፋት ከሌላው ትንሽ ሰፍቶ ቢገኝ አትጨነቁ፤ ሲሳል ሲሳል ይስተካከላል።

እጀታው ላይ የሚፈለገው የፕላስቲኩ መጋጠሚያ መስመር ነው። ጣት ሲያልፍበት የሚጭር ከሆነ ጥቂት ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁ ውሃ ይቋጥራል፤ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በትንሽ ውሃ እያሻችሁ አለስልሱት። ብሎኖቹን ጠበቅ አድርጉ፣ ግን በጉልበት አይሁን፤ ጥርሱ ከተላጠ መጠገኑ አስቸጋሪ ነው። የብረቱን ጀርባ በጣት አንጓ መታ ስታደርጉት ዝዝ የሚል ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ላልቷል።

ብረቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። 1095 የሚባለው ብረት 0.95 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ቢኬ9 ላይ ያለው ክሮ-ቫን የዚሁ ዓይነት ሆኖ ጥቂት ክሮሚየምና ቫናዲየም የተጨመረበት ነው፤ ጭማሪው ግን ዝገትን ለመከላከል በፍጹም አይበቃም። 5160 ደግሞ የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ብረት ነው። አገር ቤት ቀጥቃጭ ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ የሚያወጣው በከንቱ አይደለም፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ስለሆነ ስለቱ እንደ 1095 አይቆይም፣ ምት ግን ይችላል። ዋናው ሥራችሁ መፍለጥ ከሆነ 5160ን ምረጡ። ማይዝግ ካልሆነ አልገዛም የሚል ሰው በዚህ መጠን የሚያገኛቸው ርካሽ ማይዝጎች ብዙዎቹ ለጌጥ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረት ጭራ ቀጭን ስለሆነ ሲመታ ከሥሩ ይሰበራል። ብረቱ በሙሉ ስፋቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ መሆኑን ሳታዩ አትግዙ።

አሁን ወደ መሳሉ። አዲስ ቢላዋ ፀጉር ባይላጭ አይገርምም፤ የፋብሪካ ስለት በፍጥነት በማሽን የሚወጣ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን የብረት ሽራፊ ታጥፎ ይቀራል። ገጀራ የለመደ ሰው ወዲያው ሞረድ ያነሳል። ገጀራ ለስለስ ያለ ብረት ስለሆነ ሞረድ ይበላዋል፤ ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 56 እስከ 58 የሚደርስ ቢላዋ ላይ ግን ሞረዱ በቅጡ አይነክስም፣ ራሱም ቶሎ ይደነዝዛል። የሚያዋጣው የአልማዝ ሳህን ነው፤ አንድ 300 ቁጥር፣ አንድ 600 ቁጥር፣ በመጨረሻም ስለቱ የሚለሰልስበት የቆዳ ቀበቶ። ማዕዘኑ በየጎኑ 20 ዲግሪ ይሁን። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከስለት እስከ ጀርባ ያለው ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባውን ከሳህኑ 1.7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ጠርዙን በማይለቅ ማርከር አጥቁሩትና ሦስት አራት ጊዜ ስባችሁ እዩት። ቀለሙ ከላይ በኩል ብቻ ከጠፋ ጀርባውን ትንሽ አንሱ፤ ከጠርዙ ብቻ ከጠፋ ዝቅ አድርጉ። ከስለቱ ማዶ ያለውን ጎን በጣት ከመሐል ወደ ውጭ ስትዳስሱ ሸካራ ክር ከተሰማችሁ በዚያ በኩል በቅቷል፣ አዙሩ። የኤሌክትሪክ ድንጋይ ላይ አታስጠጉት። ጠርዙ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ወደ ሰማያዊ ከዞረ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ደርሷል፣ ጥንካሬውም እዚያ ቦታ ላይ ሄዷል።

መፍለጥ ላይ ልኩን ማወቅ ነው። በጉማጁ ማዶ በኩል ለመምቻ የሚሆን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል የቢላዋ ጫፍ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ 23 ሴንቲ ሜትር ስለት የሚችለው እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ነው። ጉማጁን ሰፊ ግንድ ላይ አቁሙት፤ መሬት ላይ ከሆነ ሲያልፍ ድንጋይ ያገኛል። መምቻው እንጨት ይሁን፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና የእጅ አንጓ ያህል ውፍረት ይበቃዋል። መዶሻ ወይም የመጥረቢያ ጀርባ ክልክል ነው፤ የቢላዋውን ጀርባ ያሻክራል፣ ብረት በብረት ሲመታም ሽራፊ ወደ ዓይን ሊዘል ይችላል። መጀመሪያ መሐል ላይ መትታችሁ ካስገባችሁ በኋላ የወጣውን ጫፍ ምቱ፣ እጀታውን የያዘው እጅ ደግሞ ቢላዋውን አግድም አድርጎ ይጠብቅ። እጀታው ወደ ላይ ከተነሣ ምቱ ሁሉ እጀታው መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፤ የሚሰበር ቢላዋ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ቢላዋው ቢቀረቀር ወደ ጎን አትጠምዝዙት። ጉማጁን ከነቢላዋው ገልብጡና በቀስታ ከታች ወደ ላይ እየመታችሁ አስወጡት፣ ወይም ስንጥቁ ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ አግቡ። ቋጠሮ ያለበትን ጉማጅ ተዉት፣ እንዳለ ይንደድ።

ለመቁረጥ ሲሆን ተንበርከኩ። ስለቱ አጭር ስለሆነ ቆማችሁ ስትሰነዝሩ የሳተው ምት ማረፊያው ጉልበት ወይም ቅልጥም ነው፤ ስትንበረከኩ ግን መሬት ይቀድመዋል። ቅርንጫፉን ግንድ ላይ አስደግፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን 45 ዲግሪ አጋድላችሁ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ምቱ። የጉድጓዱ አፍ የቅርንጫፉን ውፍረት ያህል ካልሰፋ ቢላዋው መሐል ላይ ይታነቃል። አያያዙ ላላ ይበል፤ በሦስቱ የመጨረሻ ጣቶች ጠበቅ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለቀቅ። የእጀታው ጅራት ሰፋ ያለው ቢላዋው ከእጅ እንዳይሾልክ ነውና እሱን እመኑት። ክንድ ሲዘረጋ ከነቢላዋው በሚደርስበት ዙሪያ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ አይቁም።

ከሥራ በኋላ ጠርዙን እዩ። ከታጠፈ ወይ ማዕዘኑ ለሥራው ቀጥኗል ወይ ቋጠሮ ላይ ተጣሟል፤ በቀበቶውና በ600 ቁጥሩ ይመለሳል። ከተሸረፈ ግን ድንጋይ፣ ሚስማር ወይም አጥንት ነክቷል፤ በ300 ቁጥር እስኪጠፋ ድረስ ይሞረዳል። ብረቱ የተቀባው ጥቁር ቀለም መላላጡ ብልሽት አይደለም፤ እንጨት ውስጥ ይጎተት የነበረው ቢላዋ ቀለሙ ሲያልቅ ይበልጥ ይንሸራተታል።

አጥንት ካልን፣ ይህን ቢላዋ ለፋሲካ በግ ይዞ ወደ እርሻ የሚሄድ አለ። አይሆንም። ቆዳ ለመግፈፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጭን ስለት ይበቃል፤ ወፍራሙ ቢላዋ ቆዳውን ይበሳል፣ ሥጋውን ይቦጫጭቃል። አጥንት ሲመታበት ስንጥሩ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ስለቱም ይሸረፋል፤ የሥጋ መጋዝ ግዙ። ቀለሙ እየተላጠ ያለ ስለት ጥሬ ሥጋ ላይ ማሳረፍ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ሰገባው ብዙ ሰው የማያየው አደጋ አለበት። ቢላዋውን ስትመዙ ሰገባውን በስለቱ በኩል በጣቶቻችሁ አትጨብጡ፤ ስፌቱ ከተበላ ስለቱ ሾልኮ መዳፍ ያገኛል። ከጀርባው በኩል ያዙ። ቢላዋውን ከትታችሁ የሰገባውን ቁልፍ ቆልፋችሁ ሣር ላይ ዘቅዝቃችሁ ነቅንቁት፤ ቢላዋው ከወደቀ ማሰሪያው አይታመንም። ቤት ስትገቡ ከሰገባው አውጥታችሁ አስቀምጡት፣ ናይሎንም ቆዳም እርጥበት ይይዛል። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ፋርማሲ ውስጥ ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ሚነራል ኦይል ቀጭን ሆኖ ቢቀባ ይሻላል፣ ምግብም አይበክልም።

የፓርክና የመንገድ ሕግ እንደየቦታው ይለያያል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደርቆ መሬት የወደቀ እንጨት መልቀም ይቻላል፣ የቆመ ዛፍ ግን ደርቆም ቢሆን አይነካም። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ መልቀምም ክልክል ስለሆነ ማገዶ ይገዛል። በቨርጂኒያ ሕግ ቦዊ የሚባለውን ትልቅ ቢላዋና ገጀራ ልብስ ሥር ደብቆ መያዝ ያስከስሳል። ኮሎራዶ ውስጥ ተደብቆ የሚያዝ ቢላዋ ከ3.5 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ የሚያዝ የተለየ ነው። ጀርመን ያላችሁ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ የማይታጠፍ ስለት ያለ በቂ ምክንያት ይዛችሁ መሄድ አትችሉም፣ የምታጓጉዙትም በተቆለፈ ዕቃ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የማይታጠፍ ቢላዋ ርዝመቱ ምንም ይሁን ምን አደባባይ ላይ ለመያዝ በቂ ምክንያት ይጠየቅበታል። ስለዚህ ከቤት እስከ ካምፑ ሰገባው ውስጥ ሆኖ፣ ከድንኳኑና ከማብሰያው ጋር፣ በተቆለፈ ሳጥን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይጓዝ፤ ስትመለሱም መኪናው ውስጥ ትታችሁት ሥራ አትሂዱ።