ስዊዘርላንድ መንገድ ላይ ስልካችን የበላው 59 ዩሮ ከ50

የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሐምሌ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መኪናችንን ጭነን ወደ ጣሊያን መውረድ ልማዳችን ሆኗል። መንገዱ አያስቸግርም። በኤ5 አውራ ጎዳና እስከ ባዝል፣ ከባዝል ሉሰርን፣ ከዚያ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የጎትሃርድ ዋሻ አልፈን ኪያሶ ድንበር ላይ እንወጣለን። ከኪያሶ ኮሞ ሐይቅ እዚያው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ነገር ያሰብንበት መስሎን ነበር። የስዊዘርላንድን አውራ ጎዳና ለመጠቀም የግድ የሚያስፈልገውን ባለ 40 ፍራንክ ቪኜት ገዝተን መስታወቱ ላይ ለጥፈናል። ድፎ ዳቦና እንቁላል ይዘናል። የልጆቹን የጉዞ ሕመም መድኃኒት እንኳን አልረሳንም። ስለ ስልክ ግን ማናችንም አላነሳንም። ምን ብለን እናነሳለን? እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ለሮሚንግ፣ ማለትም የአገራችንን ሲም በሌላ አገር ኔትወርክ ለመጠቀም፣ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ኦስትሪያ ሄደናል፣ ፈረንሳይ ሄደናል፣ ስልካችን ልክ ቤታችን እንዳለን ሠርቷል። ስለዚህ ነገሩን ረስተነው ነበር።

ስዊዘርላንድ ግን የኅብረቱ አባል አይደለችም። ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይንም አባል አይደሉም፤ እነሱ ግን በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ስላሉ የሮሚንግ ሕጉ ይሠራባቸዋል። ስዊዘርላንድ እዚያም የለችበትም። አንዳንድ የጀርመን የስልክ ድርጅቶች በራሳቸው ፈቃድ ስዊዘርላንድን ከኅብረቱ አገሮች ጋር ይደምሯታል። የእኔ ውል አይደምራትም ነበር። ውሉን አንብቤው ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር።

ባዝልን ካለፍን አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላንም። ባለቤቴ ትነዳለች። እኔ አጠገቧ ስልኬን ይዤ መንገድ እመራለሁ። ልጆቹ ከኋላ በእኔ ሆትስፖት ታብሌታቸው ላይ ካርቱን ያያሉ። አንድ የጽሑፍ መልእክት ገባ። አየሁት፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለው ነው ብዬ ገፋሁት። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ መጣ። ከዚያ ካርቱኑ ቆመ። ካርታውም ቆመ። ሰማያዊዋ ነጥብ ብቻ በባዶ ግራጫ ላይ ትንቀሳቀሳለች። ሉሰርን አካባቢ መንገዱ ዋሻ ከዋሻ ነው፤ መውጫው አንዱ ካንዱ ይቀራረባል። "በየት ልውጣ?" ትለኛለች ባለቤቴ። "ቀጥ በይ" አልኳት። በየት እንደሚወጣ ግን አላወቅኩም።

የደረሰብን ነገር ይኸውና። ስልኬ ስዊዘርላንድ እንደገባ ያገኘውን ኔትወርክ ያዘ። ስልክ ዋጋ አይጠይቅም፤ የሚያየው ሲግናል ነው። የአውሮፓ ሕግ ደግሞ አንድ መከላከያ አለው። ደንበኛው ሌላ ካልመረጠ በቀር የሮሚንግ ዳታ ሒሳቡ ከታክስ በፊት 50 ዩሮ ሲደርስ ድርጅቱ ማስጠንቀቅና መቁረጥ አለበት። ይህ ከኅብረቱ ውጭ ስንሆንም ይሠራል። 50 ዩሮ ላይ የጀርመን 19 በመቶ ታክስ ሲጨመር 59 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በወሩ መጨረሻ የመጣው ሒሳብም ልክ ያው ነበር። ያኔ ካርታው በመቆሙ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ያዳነን መቆረጡ ነው። ብዙ ሰው በዚያች ደቂቃ ተደናግጦ "መቀጠል እፈልጋለሁ" የሚለውን ይመርጣል። እባካችሁ አትምረጡ። መኪናውን አቁሙና አስቡ።

ማታ ኮሞ ስንደርስ የስልኬን ሴቲንግ ከፍቼ ዳታውን ምን እንደበላው አየሁ። ቀን ላይ ልጆቹን ተቆጥቻቸው ነበር። ካርቱኑ የራሱን ድርሻ በልቷል፣ እውነት ነው። ከላይ የተቀመጠው ግን ቴሌግራም ነበር። በዚያ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ተድራ የቤተሰቡ ግሩፕ በመልስ ቪዲዮ ተጥለቅልቋል። እኔ አንዱንም አልከፈትኩም። ስልኬ ግን ሁሉንም በራሱ ያወርድ ነበር። ቀጥሎ ያለው ደግሞ መንገድ ላይ ያነሳነውን ፎቶ በራሱ ወደ ክላውድ የሚሰቅለው አፕ ነው። ልጆቹን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2025 መሆኑ ነው፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር እሷንም ይዘናት ሄድን። ቪዛዋ ሸንገን ነው። ስዊዘርላንድ ሸንገን ውስጥ አለች፤ ስለዚህ ቪዛው ያሻግራል። ሲሙ ግን አያሻግርም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ድንበር ላይ ፓስፖርት የሚጠይቀን ሳይኖር ዝም ብለን ስናልፍ፣ የስልኩም ነገር እንደዚያው ይመስለናል።

በዚህኛው ጉዞ መንገዱን የጀመርነው ከመነሳታችን በፊት በነበረው ማታ፣ ሳሎን ቁጭ ብለን ነው።

መጀመሪያ ስልኬ ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም፣ እንደሚቀበል አረጋገጥኩ። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲደወል ከሚመጡት ቁጥሮች መካከል ኢአይዲ (EID) የሚል ካለ ይቀበላል ማለት ነው። ስልኩ በአንድ ድርጅት ሲም ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ መሆን የለበትም። ከዚያ ለስዊዘርላንድ የሚሆን 5 ጊጋ ኢሲም በኢንተርኔት ገዛሁ፤ ከ15 ዩሮ በታች ነው የፈጀብኝ። "አውሮፓ" የሚል ርካሽ ጥቅልም ነበረ። የአገሮቹን ዝርዝር ሳይ ግን ስዊዘርላንድ የለችበትም። ስሙን ትታችሁ ዝርዝሩን እዩ። ሆትስፖት ይፈቀድ እንደሆነም እዩ። "ያልተገደበ" የሚሉት አንዳንዶቹ ሆትስፖት ላይ ገደብ አላቸው። እኔ ደግሞ በአንድ ኢሲም መኪናውን ሙሉ ነው ላስጠቅም የፈለግኩት።

ኢሲሙን የጫንኩት እዚያው ቤት፣ በዋይፋይ ነው። ለመጫን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ድንበር ላይ ልጫነው ያለ ሰው በምን ይጭነዋል? ኪውአር ኮዱ በኢሜይል ይመጣል። በራሴ ስልክ የተከፈተን ኮድ በራሴ ካሜራ ማንሳት ስለማይሆን በባለቤቴ ስልክ ከፍተን በእኔ አነሳነው። ከተጫነ በኋላ አይሰረዝም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ኮድ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ሲጫን ነው ወይስ መጀመሪያ ኔትወርክ ሲይዝ? ይህንንም ከመግዛት በፊት ማንበብ ያስፈልጋል። የእኔ ኔትወርክ ሲይዝ የሚጀምር ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። አዲሱን ኢሲም መጫን ብቻውን አይበቃም። የጀርመኑ ሲም የዳታ ሮሚንግ መጥፋት አለበት። አይፎን ላይ ደግሞ አንዱ መስመር ሲደክም ስልኩ በራሱ ወደ ሌላው ሲም ዳታ እንዲቀይር የሚፈቅድ ማብሪያ አለ። እሱም ይጥፋ። ሮሚንጉም ማብሪያውም ሳይጠፉ ከቀሩ ዋሻ ውስጥ ኢሲሙ ሲደክም ስልኩ ወደ ውዱ መስመር ሊያዘነብል ይችላል። የጀርመኑን ሲም ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፤ ባንኬ ኮድ በኤስኤምኤስ ስለሚልክልኝ ያስፈልገኛል። የድምፅ መልእክት ሳጥኑን ግን አጠፋሁት። ከኅብረቱ ውጭ እያለን ያላነሳነው ጥሪ ወደ ሳጥኑ ሲመለስ ሊያስከፍል ይችላል።

ካርታውንም አወረድኩ። ጎግል ማፕ ላይ ከባዝል እስከ ሚላኖ ያለውን ቦታ መርጬ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም፤ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው። ባለፈው ዓመት ሰማያዊዋ ነጥብ ካርታው ከጠፋ በኋላም ስትንቀሳቀስ የነበረው ለዚህ ነው። የጎደለን ሥዕሉ ብቻ ነበር። የልጆቹን ካርቱንም አወረድን። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አደረግኩ። የእማዬን ስልክ ደግሞ ተቀብያት የኢትዮጵያውን ሲም የዳታ ሮሚንግ አጠፋሁና በእኔ ሆትስፖት አስገባኋት። "አሁን የማንን ካርድ ነው የምበላው?" አለችኝ። "የእኔን ነው እማዬ፣ አትሳቀቂ" አልኳት።

ቫይል አም ራይን የሚባለው የጀርመን መውጫ ጋ ከመድረሳችን በፊት ነዳጅ ማደያ ገብተን ቆምንና የስልኬን ዳታ ወደ ኢሲሙ ቀየርኩ። ድንበሩ እስኪታለፍ መጠበቅ ጥሩ አይደለም። የስዊዝ ምሰሶ ሲግናል ድንበር አያውቅም። ኮንስታንስ ከተማ ያሉ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ጀርመን ምድር ላይ ቆመው ስልካቸው ከድንበሩ ማዶ ያለችውን የስዊዝ ከተማ የክሮይትስሊንገንን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል።

ሉሰርን ላይ መኪናውን አቁመን ሐይቁ ዳር ወረድን። ያ የእንጨት ድልድይ ከነአበባው ከፊታችን ነው። እማዬ ስልኳን አውጥታ ደሴ ላለችው እህቷ በቪዲዮ ደወለችላት። ድልድዩን አሳየቻት፣ ዝይዎቹን አሳየቻት፣ ተራራውን አሳየቻት። አክስቴ "ኧረ ካርድሽን ጨረስሽ፣ ዝጊው!" ትላለች። እማዬ ወደ እኔ ዞር አለች። "ትችያለሽ" አልኳት። ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። ኪያሶ ስንደርስ ከ5 ጊጋው ከ3 በላይ ተርፎ ነበር።

ጣሊያን እንደገባን ኢሲሙን አጥፍቼ ወደ ጀርመኑ ሲም ተመለስኩ። እዚያ ሕጉ ይሠራል። ያልተገደበ ዳታ ያለው ሰው ግን ሮሚንግ ላይ ገደብ ሊኖርበት እንደሚችል ይወቅ። ስሌቱ ይሄ ነው፤ የወር ክፍያው ከታክስ በፊት፣ የስልክ ድርጅቶቹ ለሮሚንግ እርስ በርሳቸው ለሚከፍሉት የጅምላ ዋጋ ጣሪያ ይካፈልና በሁለት ይባዛል። በ2025 የጅምላ ዋጋው ለአንድ ጊጋ 1 ዩሮ ከ30 ነበር። ከታክስ በፊት 26 ዩሮ የሚከፍል ሰው ቢያንስ 40 ጊጋ ያገኛል ማለት ነው። የጅምላ ዋጋው በ2026 ወደ 1 ዩሮ ከ10 ስለወረደ ጊጋው ይጨምራል። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ይተርፋል።

በመርከብ ወደ ግሪክ ለምትሻገሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባሕሩ መሃል የሚገኘው ሲግናል የመርከቧ የራሷ ነው፤ በሳተላይት የሚሄድ ነው፤ የኅብረቱ ሕግ አይነካውም። መርከቧ ከወደብ ሳትነሳ ስልካችሁን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

ለገና አዲስ አበባ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ቀለለን። የጀርመን ሲም ዳታ ኢትዮጵያ ውስጥ ለማብራት የሚታሰብ አይደለም። ቦሌ እንደወረድን በፓስፖርታችን የአገር ቤት ሲም አወጣን። ሻንጣችንን እየጠበቅን ቁጥሩን ለእማዬ ላክንላት። መኪና ማቆሚያው ጋ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ። በቴሌብር ጥቅል ገዝታልኛለች። ወዲያው ደወለች። "አሁን የእኔን ካርድ ነው የምትበላው፣ አትሳቀቅ" አለችኝ።