ከመኪናዬ ሥር ያነጠፍኩት ካርቶን

ማክሰኞ፣ ማታ።

ዛሬ መኪናዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ። አንዲት ገጽ ወረቀትም አብራኝ መጥታለች፤ ማህተም ያረፈባት። ሊብሬዋ ባለችበት ፕላስቲክ ውስጥ ከተትኳት።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጠብታ ነው። ቅዳሜ መኪናዬን በገዛሁበት ድርጅት ሰርቪስ አስደረግሁ። ረቡዕ ጠዋት 12፡30 ላይ ከግቢ ልወጣ ስል ሲሚንቶው ላይ የቡና ስኒ አፍ የምታክል ርጥበት አየሁ። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። ዘይት ነው፤ ማር የመሰለ፣ ገና ያልጠቆረ። ቅዳሜ የተሞላው አዲሱ ዘይቴ ማለት ነው። ካርቶን አነጠፍኩና ከቂርቆስ ሜክሲኮ በታክሲ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ካርቶኑ የመዳፌን ያህል ርሷል። የዘይት መለኪያዋን መዝዤ በሶፍት ጠረግሁና መልሼ ከተትኳት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ዳሽቦርዱ ላይ ግን ምንም መብራት የለም። ብዙዎቻችን ቀዩ የዘይት መብራት እስኪበራ እንጠብቃለን። ያ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። እሱ እስኪበራ ድረስ ሞተሩ ላይ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። እባካችሁ መለኪያዋን መምዘዝ ልመዱ።

ይቺ መኪና ለእኔ ቀላል ነገር አይደለችም። የዓመታት ዕቁቤ ናት። እማዬ እግሯን ስለሚያማት የሕክምና ቀጠሮዋ ሁሉ በእሷ ነው። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ያለንን ጠብቀን መያዝ ግድ ነው።

የሠፈራችን መካኒክ መጥተው ክሪክ ሳያስገቡ ካርቶኑ ላይ ተኝተው አዩልኝ። "ከማፍሰሻ ብሎኑ ነው የሚወጣው" አሉኝ። እንዲያጠብቁልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። "ልጄ፣ እኔ ከነካሁት አንተ ነህ ያበላሸኸው ይሉኛል። ፎቶ አንሺና እንዳለ ውሰጂላቸው።" ዕድሜ ይስጣቸው። የዚያን ቀን ምክራቸውን ባልሰማ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

መኪናዋን በጎታች አስጭኜ ወደገዛሁበት ድርጅት ወሰድኳት። የሰርቪስ ክፍሉ ኃላፊ ጎንበስ ብለው አዩና "ድንጋይ መትቶዎት ነው" አሉ። አለቀ። ፋይሉ ላይም "የመንገድ ጉዳት" ተብሎ ተጻፈ። እኔ ደግሞ ድንጋይ ቢመታ ጭረት አይተውም ወይ ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው። የዘይት መያዣው ሆድ አቧራ ብቻ ነው፤ ርጥበቱ ብሎኑ ዙሪያ ነው። ፎቶውን በቅጡ አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያማከርኩት ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ "እዚያ ሰው አለሽ?" አጎቴ ጠየቀኝ። የቢሮ ልጆች ጠየቁኝ። ጓደኛዬማ የአክስቷ ልጅ ከድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ሰው እንደሚያውቅ ነግራኝ ስልኩን ልትሰጠኝ ነበር። ልቤ አዘነ። ለሠሩት ሥራ ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ 15 በመቶውን ጨምሬ ከፍያለሁ። ደረሰኝ አለኝ። በከፈልኩበት ነገር ላይ ለምን ሰው ያስፈልገኛል? ሰው የሌለው ምን ይሁን?

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰርቪስ የተደረገበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የደረሰኝ ቁጥሩን፣ ጠብታዋን ያየሁበትን ሰዓት። አዋጅ ቁጥር 813/2006ንም ጠቀስኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ነው። ያገኘው አገልግሎት ጉድለት ያለበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ገና ሳምንቴ ነበር። ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስገብቼ ግልባጩ ላይ "ደርሶናል" አስብዬ አስፈረምኩ። በማግስቱ ተደወለልኝ።

መኪናዋ ወደ ላይ ስትነሳ ከሥሯ ቆሜ ልይ አልኩ። ደንበኛ እዚያ አይገባም ተባልኩ፤ አልወጣም ብዬ ቆምኩ። ኃላፊው ባትሪ አብርተው እያዩ ያንኑ ድንጋይ ሊደግሙት ሲሉ፣ ቅዳሜ ሰርቪሱን የሠራው ልጅ ከኋላችን ተናገረ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"ድንጋይ አይደለም። ሳስገባው አልያዘልኝም ነበር። ወረፋ ስለነበር በግድ አጠበቅኩት።"

ማንም አልመለሰለትም። እሱ ራሱ ብሎኑን ፈታው። ጥርሱ መሀል ብን ያለ ብርማ ፍቅፋቂ ተጠምጥሞ ወጣ። የዘይት መያዣው አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኑ ብረት። ብረቱ ተዛንፎ ገብቶ በመፍቻ ሲገፋ ለስላሳውን ይበላዋል። ያን ፍቅፋቂ እጁ ላይ ይዞ ሲያሳየኝ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

የቀረው ጥበቃ ነው። የሚቀየረው የዘይት መያዣ መጋዘን ውስጥ የለም ተባለ። "ሶማሌ ተራ ፈልገው ቢያመጡ እንገጥምልዎታለን" አሉኝ። አላመጣም አልኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው፤ አመጡት። የዘይት መያዣው፣ ዘይቱና ፊልትሮው በእነሱ፣ የጎታቹም ሒሳብ ተመለሰልኝ።

ፋይሉ ላይ የተጻፈው ግን እንዳለ ነበር። "ይኸው ተሠራልዎ፣ ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?" አሉኝ። ዋስትናዬ ገና አላለቀም። ነገ ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆን ያ መስመር "ቀድሞ ድንጋይ መትቷታል" ብሎ ይመሰክርብኛል። ደግሞም እውነት አይደለም። ያልሆነ ነገር በስሜ ተጽፎ እንዲቀር አልፈልግም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሰረዙትና "በሰርቪስ ወቅት በተፈጠረ ስህተት" ብለው ጽፈው ፈረሙ። ማህተሙም አረፈ።

እኔም አንድ ነገር ለመንኳቸው። የልጁ ደመወዝ እንዳይቆረጥ። እሱ እውነቱን ባይናገር ኖሮ እኔም እናንተም እስካሁን ስንጨቃጨቅ ነበርን አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "አይቆረጥም" አሉኝ። ቃላቸውን ይዣለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ብሎኑን የገጠመው እሱ ነው። አዲሱ ዕቃ ተገጥሞ ሲያልቅ ዞር ብሎ ፈለገኝ።

"እህቴ፣ ነይ እይው።"

ጎንበስ ብዬ ከጎኑ ገባሁ። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦታል። ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ እያለ አዞረው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ያለምንም ግፊት ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው እጁን ወደ መፍቻው የሰደደው።