የእህት ኩባንያዎችን የብክለት መረጃ ሁለት ጊዜ ሳይቆጠር እንዴት እንደደመርሁት

ደብረ ብርሃን አንድ ግቢ የሚጋሩ የምግብና የካርቶን ፋብሪካ፣ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የመስኖ እርሻ፣ በዚያ ላይ 40 በመቶ ድርሻ የተያዘበት የወተት ማቀነባበሪያ። ሥራው የአምስቱን የነዳጅ፣ የመብራትና የፍሳሽ መረጃ ወደ አንድ ሪፖርት ማምጣት ነበር። አምስቱ የላኩትን ድምር መደመር ብቻውን አያዋጣም። መጀመሪያ ቆጣሪውን፣ ታንከሩንና ቧንቧውን አንድ በአንድ መዝግቤ ለእያንዳንዱ አንድ ባለቤት ሰጠሁ።

ከዚያም በፊት ድንበሩ፣ ማለትም የየትኛው ድርጅት ልቀት የእኛ ተብሎ እንደሚቆጠር፣ መወሰን አለበት። የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል (ድርጅቶች ልቀታቸውን የሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ መመሪያ) ሦስት መንገድ ያስቀምጣል፦ የአክሲዮን ድርሻ፣ የፋይናንስ ቁጥጥርና የሥራ ቁጥጥር። የመጨረሻውን መረጥሁ፤ ቦይለሩን የሚያነድደውና ቆጣሪውን የሚያነበው ክፍል መረጃውም በእጁ ስለሆነ። የወተት ማቀነባበሪያውን የሚያስተዳድረው ሸሪኩ ነው፤ ስለዚህ ቀጥታ ልቀቱ ስኮፕ 1 (ከምንቆጣጠረው ምንጭ በቀጥታ የሚወጣ ልቀት) ውስጥ አልገባም፣ የድርሻችን ያህል በስኮፕ 3 (ከቁጥጥራችን ውጭ ሆኖ ከሥራችን ጋር የተያያዘ ልቀት) ምድብ 15፣ ማለትም ኢንቨስትመንት፣ ተመዘገበ። ድንበሩን ለአንዱ በድርሻ፣ ለሌላው በቁጥጥር መወሰን ግን ድምሩን ትርጉም ያሳጣዋል።

በጣም ያስቸገረው መብራት ነው። ዋናው ቆጣሪ በምግብ ፋብሪካው ስም ነው፤ ካርቶን ፋብሪካው ንዑስ ቆጣሪ አለው። ሁለቱም ያነበቡትን ሲልኩ የካርቶኑ ፍጆታ ሁለት ጊዜ ገባ። ከዋናው ላይ ንዑሱን መቀነስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሁለቱንም ፋብሪካ ይመግባል። ያኔ ዋናው ቆጣሪ ይቆማል፣ ንዑሱ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ልዩነቱ ያንሳል፤ መብራት ብዙ በጠፋበት ሳምንት ከዜሮ በታች እስከ መውረድ ይደርሳል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፦ ያው ኪሎዋት ሰዓት አንድ ጊዜ በናፍጣ በስኮፕ 1፣ ሌላ ጊዜ በመብራት በስኮፕ 2 (ከተገዛ መብራትና እንፋሎት የሚመጣ ልቀት) ይቆጠራል። መፍትሔው ጄኔሬተሩ ላይም ቆጣሪ መትከል ነው። የምግብ ፋብሪካው ፍጆታ፣ ዋናው ሲደመር ጄኔሬተሩ ሲቀነስ ንዑሱ ይሆናል። ለቡድኑ ስኮፕ 2 ደግሞ ከዚህ ግቢ ዋናው ቆጣሪ ብቻ ይበቃል።

እንፋሎቱም እንዲሁ ነው። ቦይለሩ የምግብ ፋብሪካው ነው፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ካርቶን ማሽኑ ይሄዳል። ሻጩ ነዳጁን በስኮፕ 1፣ ገዢው እንፋሎቱን በስኮፕ 2 ቢጽፉ ሁለቱም በየራሳቸው ሪፖርት ትክክል ናቸው። በቡድን ደረጃ ግን የገዢው የእንፋሎት ስኮፕ 2 ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። የተላከውና የደረሰው መጠን እኩል ካልሆነ አያስደንቅም፤ ቧንቧው ሙቀት ያባክናል። ልዩነቱ ከወር ወር እየሰፋ ከሄደ ግን ቧንቧው የሚያፈስበትን ቦታ ወይም ቆጣሪውን ማየት ነው።

ናፍጣ ላይ ግዢን ብቻ አልቆጠርሁም። የመክፈቻ ክምችት ሲደመር ግዢ ሲቀነስ የመዝጊያ ክምችት፣ ለእያንዳንዱ ታንከር። ከግቢው ታንከር ወደ ጭነት መኪና የተቀዳው ለትራንስፖርት ድርጅቱ ይሄዳል፣ ከምግብ ፋብሪካው ይቀነሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.68 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ 1,000 ሊትር ሁለቱም ቢጽፉት 2.68 ቶን የነበረው 5.36 ይሆናል።

የጭነት ጉዞ ድግግሞሽ ግን በቁጥር አይታይም። ትራንስፖርት ድርጅቱ በነደደው ናፍጣ ያሰላል፤ ምግብ ፋብሪካው ያንኑ ጉዞ በስኮፕ 3 ምድብ 4 (የተገዛ የጭነት አገልግሎት) በቶን ኪሎ ሜትር አማካይ፣ ማለትም አንድ ቶን አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሚወጣው አማካይ ልቀት፣ ያሰላል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተጭኖ ጣርማበርን የሚወጣ መኪና ሜዳ ላይ ከሚሄደው እጅግ አብልጦ ስለሚያነድ ሁለቱ አኃዞች አይመሳሰሉም፣ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስላሉ። ስለዚህ ያጣራሁት በመጫኛ ሰነድ ቁጥር ነው። ሁለቱም ዘንድ ያለ ቁጥር ከስኮፕ 3 ይወጣል፤ የውጭ መኪና የጫነው ብቻ ይቀራል።

የካርቶን ፋብሪካው ፍሳሽ ወደ ምግብ ፋብሪካው ማጣሪያ ስለሚገባ፣ ለቡድኑ የሚቆጠረው ከማጣሪያው ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወጣው ብቻ ነው። ከአንድ በላይ መውጫ ሲኖር ደግሞ በሊትር ሚሊ ግራም የተለካውን የብክለት መጠን ተራ አማካይ መውሰድ ያሳስታል። ለምሳሌ አንዱ መውጫ 200 ሜትር ኪዩብ በ60 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 50 ሜትር ኪዩብ በ120 ሚሊ ግራም ቢለቅ፣ ተራ አማካዩ 90 ነው። እውነተኛው ጭነት ግን 12 ሲደመር 6፣ 18 ኪሎ ግራም ነው፤ ለ250 ሜትር ኪዩብ ሲካፈል 72 ይመጣል።

ሸሪኩ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይዘጋል፣ የቀሩት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የ2016 በጀት ዓመት ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው፤ ስለዚህ ከሸሪኩ ዓመታዊ ድምር ሳይሆን የየወሩን ንባብ ጠይቄ በቀን አካፈልሁት። ጳጉሜን የራሷ ዓምድ አላት። አንዱ ድርጅት ከነሐሴ፣ ሌላው ከመስከረም ጋር ሲያጠጋጋት ከታንከር ታንከር የተዛወረ ናፍጣ በሁለት ወር ውስጥ ይታያል።

ስረዛው ሁሉ የሚሠራው በቡድኑ ሉህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ መስመር «ከማን፣ ለማን» የሚል ዓምድ አለ፤ ተቀባዩ እህት ኩባንያ ከሆነ መስመሩ ከነምክንያቱ ወደ ስረዛ ሉህ ያልፋል። የድርጅቶቹን የራሳቸውን ፋይል አልነካም፤ ባንክ ወይም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአንዱን ብቻ ሲጠይቅ ሙሉ መሆን አለበት።