የ1958ቱ ስህተትና የካታሎጋችን ጥገና

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኜ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ በአራት አኃዞች የመጣው ነው። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለኢንተርናሽናል ባካሎሬት ዲፕሎማ የሚጠየቀውን፣ ከ4,000 ቃላት የማይበልጠውን የምርምር ጽሑፍ በታሪክ ትምህርት ስታዘጋጅ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታትሞ በ1960 የተነሣውን የታኅሣሥ ግርግር አስቀድሞ ያመለከተ ሥራ ነው ብላ ተከራከረች። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለነበረ ሁለቱንም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር የወሰደቻቸው። ነገር ግን ግርግሩ የተነሣው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ማለትም በዲሴምበር 1960 ሲሆን፣ መጽሐፉ የወጣበት 1958 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር 1965 ወይም 1966 ነው። የክርክሯ መሠረት የሆነው ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነበር ማለት ነው።

ልጅቷ ዓመቱን ያገኘችው ከካታሎጋችን ነው፤ በካታሎጉ ያስገባሁት ደግሞ እኔው ነኝ፣ ከርዕስ ገጹ ላይ እንዳለ ገልብጬ። ከዚያ ወዲያ የአማርኛ መጻሕፍቱን መዝገብ አንድ በአንድ አረምሁ። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ የኅትመቱ ወር በማይታወቅበት መጽሐፍ ላይ አንዱን መርጦ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት «ዓ.ም.» ከሚል ምልክት ጋር አስቀምጬ፣ አጠገቡ ሁለቱን የአውሮፓ ዓመታት ጻፍሁ።

እርማቱ ሌላ ጉድ አወጣ። የአማርኛ መጻሕፍቱ በሙሉ ከፈረንሳይኛው ጎን «የውጭ ቋንቋዎች» በሚል መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ አማርኛ የውጭ ቋንቋ ሆኖ ማለት ነው! መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳያቸው በሚከፋፍለው የዲዊ የቁጥር ሥርዓት መሠረት ታሪኩን ከሌሎች የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ጋር ወደ 963፣ ልቦለዱንና ግጥሙን ወደ 892.8 አዛወርሁ። በዚህ የተነሣ የእንግሊዝኛውን የታሪክ መጽሐፍ ፈልጎ የመጣ ተማሪ የአማርኛውንም አጠገቡ ያገኘው ጀመር።

ከሁሉ የከበደኝ የደራስያን ስም ነበር። ኮምፒውተሩ የቤተሰብ ስም ስለሚጠብቅ ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» በሚለው ሥር አስቀምጦ አገኘሁት። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ስለማንጠራ፣ በ«ሐ» የሚፈልግ ተማሪ መጽሐፉ የለም ብሎ ይሄዳል። ይህን ማስተካከል ጊዜ እንጂ ብልሃት አልጠየቀም። ብልሃት የጠየቀው የፊደሉ ጉዳይ ነው፤ ያው ስም በ«ሐ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ሃ» ይጻፋል፣ «ዓለማየሁ» ደግሞ በ«ዓ»ም በ«አ»ም ይጀመራል፤ ማሽኑም እያንዳንዱን እንደ ተለየ ቃል ነው የሚያየው። የምንጠቀምበት ኮሃ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለአንድ ስም ብዙ አጻጻፎችን መዝግቦ ሁሉንም ወደ አንዱ መምራት ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ደራሲ ልጆች ሊጽፉ የሚችሉትን ሁሉ አስገባሁ። የፊደሉን ሥርዓት የሚያከብሩ አንድ የአማርኛ መምህር «ስህተትን ለምን ትመዘግባለህ?» ብለው ወቅሰውኛል። በመጽሐፉ መዝገብ ላይ የሚታየው ትክክለኛው አጻጻፍ ብቻ መሆኑን፣ ሌላው ፈላጊውን ለመምራት ከኋላ የተቀመጠ መሆኑን ባስረዳቸውም ሙሉ በሙሉ የተቀበሉኝ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ከጨረስሁ በኋላም ብዙ ልጆች በአማርኛ አይፈልጉም ነበር። አንዳንዶቹ አማርኛን እንደ ልባቸው እየተናገሩ ፊደል ማንበብ ይቸግራቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ማንበቡን ቢችሉም የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች የአማርኛ ኪቦርድ አልተጫነላቸውም ነበር። ለሁለተኞቹ ኪቦርዱን መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ። ለመጀመሪያዎቹ የርዕሱንና የደራሲውን ስም በላቲን ፊደልም ጨመርሁ፤ ንባቡን ግን እኔ ብቻዬን ልፈታው ስለማልችል ከአማርኛ መምህራን ጋር በምሳ ሰዓት የጋራ ንባብ ጀመርን።

ሌላው የለወጥሁት ነገር የገለጻዬ ጊዜ ነው። ቀደም ሲል በትምህርት ዘመኑ መክፈቻ ለ11ኛ ክፍል ረጅም ገለጻ እሰጥ ነበር፤ ጥያቄያቸውን ገና ላልመረጡ ልጆች ስለ ምንጭ አጠቃቀስ መናገር ግን ውኃ መውቀጥ ነበር። አሁን ተማሪው ጥያቄውን ይዞ ከአማካሪ መምህሩ ጋር ሲቀመጥ እኔም ለሃያ ደቂቃ ያህል እገኛለሁ። አማካሪው ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ጊዜ በጠቅላላው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሚደርስ ብቻ ስለሆነ መምህራኑ መጀመሪያ ላይ ሰዓታችንን ልትሻማ ነው ብለው ሰግተው ነበር። የታተመበትን ዓመት፣ የቀረበውን ምንጭ ዓይነትና የጎደለውን መጽሐፍ በዚያች ሃያ ደቂቃ ስንለይ ግን በኋላ የሚባክነው ጊዜ እንደሚቀንስ ሲያዩ ራሳቸው ይጠሩኝ ጀመር።

ለልጅቷ ስህተቱ የእኔ መሆኑን በአማካሪዋ ፊት ነገርኋት። «ታዲያ ከግርግሩ በኋላ ከተጻፈ፣ ደራሲው ያየውን ነው የጻፈው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የቀረው ጊዜ ጥቂት ቢሆንም ጽሑፉን በዚያው ጥያቄ ላይ አዋቀረችው።